ጥላ የሌለው ጉርድ ፎቶ

ባለፈው ሰሞን መታወቂያ ላሳድስ ብዬ በባጃጅ ወደ መሀል ከተማ ወረድኩ። ጉርድ ፎቶ አምጪ ስለተባልኩ ከቢሮው ፊት ለፊት ካለች ጠባብ ቤት ገባሁ። ፎቶ አንሺዋ ከልጅ ልጄ ብዙም የማትበልጥ ልጅ ናት። ነጩን ግድግዳ ከጀርባዬ አድርጋ በርጩማ ላይ አስቀመጠችኝና፣ “እናቴ፣ ሻሽዎን ትንሽ ገፋ ያድርጉት፤ ጆሮ መታየት አለበት” አለችኝ። ልጅቷ ክፉ አልተናገረችም፤ ሥራዋ ነው። እኔ ግን እጄ ሻሼ ላይ እንደተጫነ ቀረ። ያንን ቃል እኔ ራሴ በዚችው ከተማ ለስንቱ ሰው ብያለሁ። ቤቴ ስመለስ ምሳው አልበላልኝ አለ። ልጆቼ ምን ሆንሽ ቢሉኝ፣ ፎቶ ተነስቼ መጣሁ አልኳቸው። እነሱ ሳቁ። በፎቶ የሚታመም ሰው አይተው አያውቁማ።

ከተማችን ያኔ በወረቀት ላይ አሰበ ተፈሪ ነበረች፤ ጭሮ የሚላት የገጠሩ ሰው ነው። እኔና ባለቤቴ ሸምሱ ከስልጤ አገር የመጡ ነጋዴዎች ልጆች ነን። የእኔ አባት ጨርቅ፣ የእሱ አባት ጨውና ላምባ ይሸጡ ነበር። ሸምሱ ግን ከባንኮኒ ኋላ መቆም አልወድም ብሎ ድሬዳዋ ወረደና አንድ ሽማግሌ አርመናዊ ዘንድ ፎቶ ማንሳት ተምሮ መጣ። እንደተጋባን፣ ዋናው መንገድ ወደ ገበያው በሚታጠፍበት ማዕዘን ላይ፣ በዳቦ ቤቱና በልብስ ሰፊው መካከል ፎቶ ቤት ከፈትን። እሱ ያነሳል፣ ያጥባል፤ እኔ ሴቶቹን አዘጋጃለሁ፣ ፎቶው በሚታተምበት ፊልም፣ በነጋቲቩ ላይ ደግሞ በቀጭን እርሳስ ብጉርና ጠባሳ አጠፋለሁ። ዳቦ በአሥር ሳንቲም፣ ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም ነበር። ጉርድ ፎቶ ሦስቱን በሁለት ብር እናነሳለን። በገበያ ቀን ከቦኬ፣ ከበዴሳ፣ ከሚኤሶ በጫት መኪና የተጫነው ሰው ሁሉ እኛ ቤት ሳይደርስ አይመለስም ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አንዲት ጥቁር ኮት ነበረችን፤ የአገሩ ሁሉ ኮት። የቀጨጨ ሰው ሲለብሳት ከጀርባው በልብስ መቆንጠጫ እንይዛታለን፣ ሰፊ ሰው ሲለብሳት ቁልፏ ሳይቆለፍ በእጁ ይሸፍነዋል። ከወገብ በላይ ኮትና ክራባት፣ ከወገብ በታች ሽርጥ! ጉርድ ፎቶ ስለሆነ ማን ያየዋል? ወጣቶቹ ደግሞ ፀጉራቸውን አጎፍረው፣ ከታች ሰፊ የሆነውን ቤል ቦተም ሱሪ ለብሰው ይመጣሉ፤ እነሱ ቁመታቸው ካልወጣ ያኮርፋሉ። ከድሬዳዋ የመጣው ሺፎን ሻሽ የነፋስ ያህል ቀላል ነበር፤ ሴቶቹ ከእኔ ተውሰው ያደርጉታል። ልብስ ሰፊው የቴፕ ድምፁን ከፍ ስለሚያደርገው ዘፈኑ በግድግዳው ዘልቆ ይመጣል፤ ደንበኛው እግሩን ሲመታ ሸምሱ፣ “ካሜራው ይናወጣል፣ ወንድሜ” ይላል። ከኋላ የምንሰቅለው መጋረጃ ደግሞ በቀለም የተሣለ ነው። ሐይቅ አለበት፣ ነጭ ጀልባ አለበት፣ የትም የማይወስድ የእብነ በረድ ደረጃ አለበት። ባሕር አይተው የማያውቁ የጨርጨር ገበሬዎች እዚያ ጀልባ አጠገብ ቆመው የተነሱት ፎቶ ዛሬም በየቤቱ አለ።

ያንን መጋረጃ ያወረድነው መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሰልፉ መጣ፣ ዘፈኑ ተለወጠ፣ ኮቷ ቀረችና ካኪ በዛ። ቀጥሎ ቀበሌው ለመታወቂያ ፎቶ ሲጠይቅ ትእዛዝ ላከ፤ ጀርባው ነጭ ይሁን፣ ጆሮ ይታይ፣ ጥላ አይኑር። መጋረጃውን ጠቅልለን ጣሪያ ላይ ሰቀልነው። በቦታው አቡጀዲ የሚባለውን ነጭ ጨርቅ ወጠርን። ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት መምሰል የጀመረው ያኔ ነው። እንኳን ጀልባውና ደረጃው፣ ሳቁም ቀረ። በነጭ ፊት የሚቀመጥ ሰው ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እጁ የታሰረ ይመስላል። ሽማግሌዎቹ ሚስቶቻቸው ጆሯቸውን እንዲያሳዩ ሲጠየቁ ይቆጡ ነበር፤ እኔ ነኝ ሴቶቹን ወደ ጓዳ ወስጄ እያባበልኩ የማስተካክለው።

ነጭ ጀርባ ቀላል ይመስላል። ጨርቁ ብርሃን ካላገኘ በፎቶው ላይ አመድ ይሆናል፤ ብርሃን ከበዛበት ጆሮና ፀጉር ይበላል። ሰውየው ወደ ጨርቁ ከተጠጋ ጥላው እንደ ሁለተኛ ሰው ከኋላው ይቆማል። ሸምሱ የዘይት ቆርቆሮ እየቆረጠ ሦስት የመብራት ቆብ ሠራና ባለ አምስት መቶ ሻማ አምፖል አስገባባቸው። ሁለቱን መብራቶች ከተቀማጩ ኋላ በግራና በቀኝ አድርጎ ወደ አቡጀዲው አዞራቸው፤ ጥላ የሚያባርሩት እነሱ ናቸው። ሌላው የፊት መብራት ነው። እሱን ከፍ አድርጎ ወደ ጎን ሲያቆመው አፍንጫ ይሾላል፣ የጉንጭ አጥንት ይወጣል፣ አገጭ ይጠነክራል። ወንዱ ሁሉ ፎቶውን ሲያይ ደረቱን ይነፋል። ለብዙ ጊዜ የምናነሳው እንደዚያ ነበር፤ ማንም ልጅ መምሰል የሚፈልግ አልነበረም።

ብሔራዊ ውትድርና የሚባለው ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። አሥራ ስምንት የሞላው ወንድ ይፈለጋል ተባለ። ጦርነቱ ሰሜን ነው፤ እኛ በሬዲዮ እንሰማዋለን፤ የሄደው ልጅ ግን በሬዲዮም በሰውም አይሰማም። በገጠሩ የልደት ወረቀት የሚባል ነገር የለም። የምልመላ ኮሚቴው ከየቀበሌው የሚመጣለትን ስምና ጉርድ ፎቶ ይዞ ከተማ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ይወስናል። ልጁን አያየውም። እናም ዕድሜ ማለት ፊት ሆነ፤ ፊት ማለት ደግሞ እኛ ያነሳነው ፎቶ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከቦኬ ሀሊማ የምትባል፣ በኦሮምኛ አክብረን አደ የምንላት ሴት ጀማል የሚባል ልጇን ይዛ መጣች። ልጁ በሩን ጎንበስ ብሎ ነው የገባው። ከከንፈሩ በላይ ጢሙ ጠቆር ብሏል። እሷ ሳትቀመጥ ጀመረች።

“ኦቦ ሸምሱ፣ ትልቁን ልጄን ወስደዋል። ወላሂ እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልሰማሁም። አሁን ደግሞ የዚህን ፎቶ አምጪ አሉኝ። ቁመቱን አይተህ አትፍረድ። ኢልመ ኮ፣ ልጄ ገና ሕፃን ነው።”

“ዕድሜው ስንት ነው?” አለ ሸምሱ።

“አንበጣ የመጣ ዓመት ነው የተወለደው።”

“አንበጣ ስንቴ መጥቷል፣ አደ ሀሊማ?”

“እኔ እንዴት አውቃለሁ? አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ አንተ ቁጠረው” አለችና ድንገት ማልቀስ ጀመረች። ጀማል አፍሮ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ሸምሱ ብዙ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ልጁን አስቀመጠው። የፊት መብራቱን ከጎን አነሳና ልክ ከካሜራው በላይ ፊት ለፊት፣ ዝቅ አድርጎ አቆመው። እጁን ወደ እኔ ዘረጋ፤ ሺፎን ሻሼን ማለቱ እንደሆነ ገባኝና ሰጠሁት። በሽቦ ክብ ላይ ወጥሮ ከመብራቱ ፊት ሰቀለው። ብርሃኑ ለስልሶ እንደ ወተት ፈሰሰ። የልጁ ጉልበት ላይ ነጭ አንሶላ አነጠፈ፤ ከታች የተመለሰው ብርሃን ከአገጩ ሥር ያለውን ጥላ ጠረገው። እያየሁት ፊቱ ክብ ሆነ፤ የጉንጭ አጥንቱ ጠፋ። የቀረውን የጢም ጥቁረት እኔ ነጋቲቩ ላይ በእርሳስ አጠፋሁት። ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ ከአቡጀዲው ፊት የተቀመጠው ገና ድምፁ ያልጎረነነ ልጅ ነበር። አደ ሀሊማ አይታ፣ “ይኸው! አላልኩህም?” አለች፤ እውነቷን ነው ያመነችው። ኮሚቴውም አየና፣ ይደግ ብሎ ወደ ጎን አደረገው።

እኛ ለማንም አልተነፈስንም። ወሬው ግን በገበያ መንገድ ሄደ። ከዚያ ወዲያ እናቶች መምጣት ጀመሩ። በግልጽ የሚጠይቅ የለም። “እንደ ጀማል አንሳልኝ” ብቻ ይላሉ፤ ጀማልን አያውቁትም፣ ቦኬንም ያልረገጡ አሉ። አንዷ ቅቤ በቅል ይዛ ትመጣለች፣ አንዷ ዱአ ታደርግልናለች። እኔ ልጆቼ ገና ትንንሾች ነበሩ። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ “ሸምሱ፣ ይህ ነገር ይነቃል” አልኩት።

“ይነቃል” አለ። “ሌላም ነገር አለ፣ ሩቂያ። የሚፈለገው የሰው ኮታ አይቀንስም። እኔ አንዱን ሳስቀር በእሱ ቦታ ሌላው ይሄዳል። የሚሄደው ደግሞ እዚህ ድረስ የሚያመጣው ሰው የሌለው ነው።”

“ታዲያ ተወዋ።”

“እናትየዋ ፊቴ ቆማ እንዴት ብዬ ነው የምተወው?”

ተነስቼ ሳህኖቹን ሰበሰብኩ።

የኮሚቴው ኃላፊ ጓድ በላይ ይባላል። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ቀድሞ መምህር የነበረ ቀጭን ሰው ነው። አይጮህም፣ አይሳደብም፤ የደረት ኪሱ ውስጥ ማበጠሪያ አይጠፋም። አረንጓዴ ዋዝ መኪናው ዳገቱን ስትወጣ ድምጿ ከሩቅ ይታወቃል። ያን ጊዜ ልብስ ሰፊው ቴፑን ያጠፋል፤ በመንገድ ዳር ጫት የሚሸጡት ሴቶች ወሬያቸውን ያቆማሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ዋዟ ሳትሰማ በእግሩ መጣ። ከደንበኞቹ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠና ሸምሱ ሲሠራ ያይ ጀመር። የተቀመጡት አንድ በአንድ፣ ቆይተን እንመለሳለን እያሉ ወጡ። ቤቱ ባዶ ሲሆን ከኪሱ ጉርድ ፎቶዎች አወጣና ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን ደረደራቸው።

“የዚህ አውራጃ ልጆች ለምን እንደማያድጉ ታውቃለህ?” አለው ሸምሱን፣ እየሳቀ።

“ምግብ ይሆናል፣ ጓድ” አለ ሸምሱ።

“እኔም ድርቁ ነው ብዬ ነበር። ግን እያቸው እስቲ። ሁሉም ከአንድ እናት የተወለዱ ነው የሚመስሉት።” ፎቶዎቹን ሰብስቦ ወደ ኪሱ መለሰ። ቀጥሎ ተነስቶ አቡጀዲው ፊት ሄዶ ተቀመጠ። ማበጠሪያውን አውጥቶ ፀጉሩን አበጠረ። “እኔንም አንሳኝ። እነሱን ባነሳህበት።”

ሸምሱ ወደ እኔ አላየም። መብራቱን ፊት ለፊት አቆመ፣ ሻሹን ሰቀለ፣ አንሶላውን የሰውየው ጉልበት ላይ አነጠፈ፤ አንዱንም አልደበቀም። ጓድ በላይ እያንዳንዱን ነገር በዓይኑ ይከተል ነበር። በማግስቱ መጥቶ ፎቶውን ተቀበለ። ወደ በሩ ብርሃን ወስዶ ለረጅም ጊዜ አየው። ግንባሩ ላይ ያለው መስመር የለም፤ ዓይኑ ሥር ያለው ጥቁረት የለም። “ተማሪ ሳለሁ እንዲህ ነበርኩ” አለ ቀስ ብሎ። ፎቶውን ደረት ኪሱ ከትቶ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ የነበሩት ቀናት እንዴት እንዳለፉ አላህ ነው የሚያውቀው። ለሸምሱ እስር ቤት የሚይዘውን ብርድ ልብስና ቅያሪ ሸሚዝ በፌስታል አድርጌ በር ሥር አስቀመጥኩ። ዳቦ ጋጋሪው ሰላምታ ተወ። ልብስ ሰፊው ወደ እኛ በኩል ያለውን መስኮት ዘጋ፤ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ እሱም ልጆች አሉት። እናቶችም እግራቸውን አነሱ። ሸምሱ ጠዋት ጠዋት ይከፍታል፣ መብራቶቹን ይወለውላል፣ ይቀመጣል።

ጓድ በላይ ተመልሶ ሲመጣ ብቻውን አልነበረም። ኤልያስ የሚባለውን ልጁን ይዞ ነው። ኤልያስን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ ኳስ ተጫዋች ነው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ለሰላምታ የማይኮራ። አባትየው በሩን ከውስጥ ዘጋና፣ “እንደ እኔ አንሳው” አለ። ድምፁ የትእዛዝ አልነበረም። የአደ ሀሊማ ድምፅ ነበር።

ሸምሱ ሻሹን ወጥሮ መብራቱን አበራ። ኤልያስ ተቀምጦ የበራውን መብራት አየ፣ ጉልበቱ ላይ ያለውን አንሶላ አየ።

“አባዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?”

“ለመታወቂያ ነው። ቀና በል።”

“የክፍል ጓደኞቼን ስም በስብሰባ ያነበብከው አንተ ነህ። ሚኤሶ ድረስ ሸኝተህ ባንዲራ የሰጠሃቸውም አንተ ነህ። እኔን ሕፃን አስመስለህ ልታስቀረኝ ነው?”

“ዝም በል፣ ኤልያስ።”

“እነሱ ፊት በየት በኩል ነው የማልፈው? እናቶቻቸው መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ምን ልበላቸው?” ብድግ አለ። አንሶላው መሬት ወደቀ። መብራቱ ፊት የተሰቀለውን ሻሽ ነቅሎ ለእኔ አቀበለኝ፤ በቁጣ አይደለም፣ አጣጥፎ ነው የሰጠኝ። “ጋሽ ሸምሱ፣ ፊቴን እንዳለ አንሳው” ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

አባትየው በሩ ጋ ቆሞ ነበር። በመጨረሻ፣ “አንሳው” አለና በሩን ከፍቶ ወጣ። ሸምሱ መብራቱን ይዞ፣ “እናትህስ?” ቢለው ኤልያስ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ፤ “እሷን ተዋት” አለ። ሸምሱ መብራቱን ወደ ጎን ወስዶ ከፍ አደረገው። የልጁ አገጭ ወጣ፣ ግማሽ ፊቱ ወደ ጥላ ገባ፤ ሃያ ዓመት የሞላው ሙሉ ወንድ አቡጀዲው ፊት ተቀመጠ። በዚያው ወር ከሌሎቹ ጋር ተጭኖ ሄደ።

ክረምቱ አልፎ ማሽላው ሲደርስ የኤልያስ ሞት ተሰማ። ቤታቸው ለቅሶ ሄጄ ነበር። እናትየዋ ፀጉሯን ተላጭታ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ጓድ በላይ ግን አላለቀሰም። ማበጠሪያው ደረት ኪሱ ውስጥ እንዳለ ከሰው ጋር እጅ ለእጅ ይጨባበጣል። እኔን ሲያይ እጄን ለቀቅ አላደረገውም። ጣቶቹ በረዶ ነበሩ። “ለሰው ልጅ ሁሉ የበራው መብራት ለእኔ ልጅ እምቢ አለ” አለኝ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። ያን ቀን ነው የመጣብንን ያወቅኩት።

የለቅሶው ሰሞን ሳያልፍ ትእዛዝ ወጣ። ይደግ የተባለው ወንድ ሁሉ እንደገና ፎቶ ይነሳል፤ ጠባቂ ባለበት፣ መብራቱ ከጎን ሆኖ፣ ጨርቅ የሚባል ነገር ሳይኖር። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ገና በጠዋቱ ልጆቹ ከበራችን እስከ ዳቦ ቤቱ ማዶ ተሰለፉ። መሣሪያ የያዙ ጠባቂዎች ሁለቱ በር ላይ፣ አንዱ ውስጥ ቆሙ። ጓድ በላይ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠ። በር ላይ ከልጇ ኋላ አደ ሀሊማን አየኋት። ጀማል በዚያ መሀል ይበልጥ ረዝሟል። እሷ አትለምንም፣ አታለቅስም፤ እኔን ብቻ ታያለች።

ሸምሱ ማንሳት ጀመረ። መብራቶቹ ከጠዋት ጀምሮ ስላልጠፉ ቆርቆሯቸው ይንጣጣ ነበር፤ ቤቱ እንደ ሐማም፣ እንደ እንፋሎት መታጠቢያ ቤት፣ ሞቋል። አቧራ ጠጥተው የመጡት ልጆች ከመነሳታቸው በፊት ፊታቸውን እንዲያብሱ እኔ በጣሳ ውሃ ይዤ እቆማለሁ። የጀማል ተራ ደረሰ። ተቀመጠ። መብራቱ ከጎን ሲመታው ፊቱ እንደ ተጠረበ ድንጋይ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ጓድ በላይ፣ “ይኸው፣ አደገ” አለ። ሳቀ። የእሱን ሳቅ ስሰማ በውስጤ አንድ ነገር ተበጠሰ።

አስቤ ያደረግኩት ነው ብል ውሸት ነው፣ ሳላስብ ነው ብልም ውሸት ነው። የጋለ አምፖል ውሃ ከነካው እንደሚፈነዳ አውቃለሁ። ጣሳውን ለጀማል የማቀብል መስዬ ስዞር ውሃውን ወደ መብራቱ ረጨሁት። ፍንዳታው እኔንም አስደነገጠኝ፤ ጥይት ነው የሚመስለው። ብልጭ አለና ቤቱ ሁሉ ድርግም አለ፤ ሌሎቹም መብራቶች አብረው ሞቱ። ውስጥ የነበረው ጠባቂ መሬት ላይ ተዘረረ። አንዱ ውጭ፣ “ተተኮሰ!” ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወዲያ ሰልፍ የሚባል አልነበረም። ገበያው ተበጠበጠ፣ ፍየሎቹ ገመዳቸውን በጠሱ፣ የቲማቲም ሣጥን ተገለበጠ፣ ልጆቹ በየአቅጣጫው ወደ ሰው መሀል ገቡ። አቡጀዲው ፊት ያለው በርጩማ ባዶ ነበር።

ጓድ በላይ ብቻ ከተቀመጠበት አልተነሳም። “ማነው?” አለ።

እኔ ነኝ ልል አፌን ስከፍት ሸምሱ ቀደመኝ። “አሮጌ አምፖል ነው፣ ጓድ። ከጠዋት ጀምሮ እየነደደ ነው፤ ማሳረፍ ነበረብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።” ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ “ሩቂያ፣ ልጆቹን ያዢ” አለኝ። አንቺ አትናገሪ ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። በር ሥር ያለውን ፌስታል ራሱ አንስቶ ከጠባቂዎቹ ጋር ወጣ።

በልግ እስኪደርስ ታሰረ። ስንቅ ይዤ ስሄድ ይቀበሉኛል፣ እሱን ግን አያሳዩኝም። ያን ያህል ትልቅ አምፖል እዚህ ስለማይገኝ ፎቶው ለጊዜው ቆመ፤ በዚያ መሀል ከሸሹት ብዙዎቹ ወደ ቆላ ወረዱ። ጀማል ሚኤሶ ላይ ባቡር ተሳፍሮ ጅቡቲ ገባ፤ ይህንን አደ ሀሊማ በኋላ መጥታ ነገረችኝ። ሁሉም አልዳኑም። ኋላ ላይ ፎቶም ቀረና ከገበያ ማፈስ ተጀመረ፤ ያን ጊዜ የተያዙ አሉ፤ ስማቸውን የማውቀው፣ በእኔ እርሳስ ጢማቸው የጠፋላቸው። ሸምሱ ሲፈታ አጥንቱ ብቻ ነበር የመጣው። ሁለቱም እጆቹ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ እንጀራ እንኳ መቁረስ አይችልም። ካሜራ መያዝ ስላልቻለ እሱ እየነገረኝ እኔ ማንሳት ጀመርኩ። መብራት አልገዛንም። አቡጀዲውን ግቢ ውስጥ በጥላ ሥር ወጥሬ በቀን ብርሃን እሠራ ነበር።

ዓመታት ሄዱ። ያ መንግሥትም ወደቀ። ከተማው በጥይት ድምፅ ታምሶ እንደገና ጸጥ ባለ ሰሞን፣ አንድ ረፋድ ላይ አንድ ሸበቶ ሰው ቀስ ብሎ በሩን ገፍቶ ገባ። ካኪ የለም፣ ዋዝ የለም፤ አቧራ የጠጣ ጫማ ነው ያደረገው። ጓድ በላይ መሆኑን ያወቅኩት ሲናገር ነው።

“ቤታችን ተዘርፏል” አለ። “የልጄ ፎቶ አንድ እንኳ አልቀረኝም። እዚህ ያነሳችሁት ነጋቲቩ ይኖር እንደሆነ ብዬ ነው።”

ለዚህ ሰው ያጠራቀምኩት ቃል ብዙ ነበር። ውጣ ልለው ተነሳሁ። ጥግ ላይ የተቀመጠው ሸምሱ ግን፣ “ሩቂያ፣ ከላይኛው ሣጥን ነው ያለው” አለ።

“እኔ አልሠራም” አልኩት።

“እኔ ብችል እኔ እሠራው ነበር” አለ ሸምሱ።

ጨለማ ክፍል ገባሁ። በማጠቢያው ሳህን ውስጥ የኤልያስ ፊት ከነጩ ወረቀት ላይ ቀስ እያለ ወጣ፤ መጀመሪያ ፀጉሩ፣ ቀጥሎ በጥላ ያለው ጉንጩ፣ መጨረሻ ላይ ዓይኑ። ሻሹን አጣጥፎ የሰጠኝ ልጅ። ፎቶውን አድርቄ ሰጠሁት። ጓድ በላይ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደው። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

“እህቴ፣ ትንሽ ልጅ ማስመሰል አይቻልም?” አለ፣ ሳይዞር። “እኔን እንዳደረጋችሁኝ።”

“አይቻልም” አልኩት። “እሱ ነው እንዲህ አንሱኝ ያለው።”

ራሱን ነቀነቀ። “አዎ፣ እንዲህ ነበር ያለው” አለ። ፎቶውን በመሀረብ ጠቅልሎ ኮቱ ውስጥ ከተተና ወደ አውቶቡስ ተራው አቅጣጫ ወረደ። ወዴት እንደሄደ አልሰማሁም። በሩን ዘጋሁ። የምሳ ሰዓት ደርሶ ስለነበር እጄን ታጥቤ ከሸምሱ አጠገብ ተቀመጥኩና እንደ ሁልጊዜው እሱን ማጉረስ ጀመርኩ።